ኢንሱሊንና የቤት ፍሪጅ፦ የተለመዱ ችግሮች፣ ምክንያቶቻቸውና መፍትሔዎቻቸው

ባለፈው ክረምት አንዲት በ60ዎቹ ዕድሜ የሚገኙ እናት ቦሌ ሚካኤል አካባቢ ወደምሠራበት ክሊኒክ መጡ። (ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ዝርዝሮችን ቀይሬአለሁ።) ለዓመታት ስኳራቸው ጥሩ ነበር። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ግን ከ300 በታች አልወርድ አለ። አመጋገባቸውን ጠየቅሁ፤ አልተለወጠም። መርፌውን በሰዓቱ ይወጋሉ? አዎ። መጠኑ ልክ ነው? ልክ ነው። ስለዚህ መጠኑን ጨመርኩላቸው። በሳምንቱ ሲመለሱ ለውጥ ስላልነበረ እንደገና ጨመርኩ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ የነበረው ብልቃጥ አለቀና አዲስ ገዙ። በጨመርኩላቸው መጠን ማታ ተወጉ። ሌሊት ልጃቸው ስትነሣ በላብ ተጠምቀው፣ የሚናገሩት ግራ ሲያጋባ አገኘቻቸው። ስኳራቸው 48 ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጊዜ ስለተደረሰላቸው ተረፉ።

መጀመሪያ ቀን መጠየቅ የነበረብኝን ጥያቄ የጠየቅሁት ከዚያ በኋላ ነው፦ «እማማ፣ ፍሪጅዎ እንዴት ነው?» ልጃቸው መለሰች፦ «ዶክተር፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ቶሎ እንዲቀዘቅዝ ብዬ መጨረሻው ድረስ አዙሬው ነበር። ጎመኑ ሁሉ በረዶ ሆኖብናል።» ኢንሱሊኑ ከጎመኑ ጎን፣ ከጀርባ ግድግዳው ጋር ተጠግቶ ነበር የሚቀመጠው። በርዶ ቀልጦ፣ በርዶ ቀልጦ ኃይሉን አጥቷል። እኔ መጠን ስጨምር የነበረው ለተበላሸ መድኃኒት ነው።

ይህን ጽሑፍ የምጽፍልዎ እርስዎም ሐኪምዎም ያንን ጥያቄ ቀድማችሁ እንድታነሡት ነው። ስለ ፍሪጅ ጥገና ሁሉን ነገር አያስተምርም። የቤትዎ ፍሪጅ ሲያስቸግር ምክንያቱን እንዴት እንደሚለዩ፣ ራስዎ ምን ማድረግ እንደሚችሉና በመካከሉ መድኃኒትዎን እንዴት እንደሚጠብቁ ያስረዳል።

በአጭሩ

• ያልተከፈተ ኢንሱሊን የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ ነው።
• የተከፈተ ኢንሱሊን በአብዛኛው በክፍል ሙቀት (ከ25–30 ዲግሪ ሳይበልጥ) ለ4 ሳምንት ያህል ይቆያል። ትክክለኛውን ቀን ከካርቶኑ ውስጥ ያለው ወረቀት ይነግርዎታል።
• አንድ ጊዜ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይወጉት።
• እንደ አዲስ አበባ ባለ አየር ለጥቂት ሰዓት መብራት መጥፋቱ ሳይሆን ከልክ በላይ የሚያቀዘቅዝ ፍሪጅ ነው ይበልጥ የሚያሰጋው።

ሙቀት ወይስ በረዶ? ይበልጥ የሚጎዳው የቱ ነው?

ብዙ ሰው ኢንሱሊን ከፍሪጅ ከወጣ ወዲያው የሚበላሽ ይመስለዋል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ይደነግጣል፣ በረዶ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ይባስ ብሎም ፍሪዘር ውስጥ ይከተዋል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው።

ኢንሱሊን ፕሮቲን ነው። ሙቀት ኃይሉን የሚቀንሰው ቀስ በቀስ ነው። በረዶ ግን የፕሮቲኑን ቅንጣቶች በአንድ ሌሊት አጣብቆ ያበላሻቸዋል። በተለይ ነጭ ደመና የሚመስለው ኢንሱሊን (ኤንፒኤች እና 70/30 የሚባለው ድብልቅ) በበረዶ ክፉኛ ይጎዳል፤ ቅንጣቶቹ ይጓጉላሉ፤ ከዚያ በኋላ በመርፌ የሚስቡት መጠን እኩል አይሆንም። አንድ ቀን ብዙ፣ አንድ ቀን ጥቂት ኢንሱሊን ወደ ሰውነት ይገባል።

ስለ ሙቀቱ ደግሞ አንድ ማስረጃ ልጥቀስልዎ። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅትና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ በሰሜን ኬንያ በሚገኘው የዳጋሃሌይ የስደተኞች ካምፕ የቤት ውስጥ ሙቀት ለኩ። ሙቀቱ በቀንና በሌሊት መካከል ከ25 እስከ 37 ዲግሪ ይለዋወጥ ነበር። ይህንኑ ሁኔታ ላቦራቶሪ ውስጥ አስመስለው ኢንሱሊኑን ለ4 ሳምንት ፈተኑት። እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጡት ውጤት ኢንሱሊኑ ኃይሉን እንደጠበቀ የሚያሳይ ነው። ቦሌ ሚካኤል የሚኖሩ ብዙ ሶማሊኛ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችን የዚያን አካባቢ ሙቀት በደንብ ያውቁታል። ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ወደ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው ሰፈራችን ለኢንሱሊን ምቹ ነው።

ይህ ማለት ግን ፍሪጅ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ለወራት የሚቀመጥ ያልተከፈተ ኢንሱሊን ካለዎት ጥሩ ፍሪጅ ይፈልጋል። ፍሪጁ ከተበላሸ ግን የሚያስደነግጥ ነገር የለም፤ ለማሰብ ጊዜ አለዎት።

ፍሪጅ የሚያስፈልገውና የማያስፈልገው መድኃኒት

ፍሪጅ ውስጥ የሚቀመጡ፦ ያልተከፈተ ኢንሱሊን፤ በውኃ ከተበጠበጠ በኋላ አሞክሲሲሊን–ክላቩላኔት የተባለው የልጆች ሽሮፕ (ከ7 ቀን በኋላ ይጣላል)፤ አንዳንድ የዓይን ጠብታዎች፣ ለምሳሌ ለግላኮማ የሚታዘዘው ላታኖፕሮስት ከመከፈቱ በፊት።

ፍሪጅ የማያስፈልጋቸው፦ ኪኒኖች፣ ፓራሲታሞል ሽሮፕ፣ የስኳር መለኪያው ወረቀት (ስትሪፕ)። ስትሪፕ እርጥበት ከነካው የተሳሳተ ቁጥር ያሳያል። ክላሪትሮማይሲን የተባለው ሽሮፕ ደግሞ ከተበጠበጠ በኋላ ፍሪጅ ውስጥ መግባት የለበትም። ጥርጣሬ ካለዎት መድኃኒቱን ሲገዙ «ይሄ ፍሪጅ ይፈልጋል ወይ?» ብለው ፋርማሲስቱን ይጠይቁ።

ችግር 1፦ ፍሪጁ ከልክ በላይ ያቀዘቅዛል

ምልክቶቹ፦ ጎመንና ሰላጣ ይበርዳል፤ እንቁላል ይሰነጠቃል፤ የውኃ ጠርሙስ ውስጥ የበረዶ ስባሪ ይታያል፤ ሞተሩ ቀንና ሌሊት ድምፁ አይቋረጥም።

ምክንያቶቹ፦ በጣም የተለመደው የቅዝቃዜ መቆጣጠሪያው መጨረሻ ላይ መዞሩ ነው። እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ደጋግሜ እሰማለሁ። በቁልፉ ላይ ያለው ቁጥር የዲግሪ ቁጥር አይደለም። የሚያሳየው የማቀዝቀዝ ኃይሉን ነው፤ ስለዚህ ከ1 ይልቅ 5 ይበልጥ ያቀዘቅዛል። «5 ዲግሪ ላይ አድርጌዋለሁ» የሚል ሰው መጨረሻው ላይ አድርጎት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ምክንያት የዕቃው አቀማመጥ ነው፤ የጀርባ ግድግዳው፣ ከፍሪዘሩ ሥር ያለው ቦታና ቀዝቃዛ አየር የሚነፋበት ቀዳዳ ከሌላው ቦታ ይበልጥ ይቀዘቅዛሉ። ሦስተኛው ቴርሞስታቱ መበላሸቱና ሞተሩን ማቆም አለመቻሉ ነው።

ምን ያድርጉ?

1. መጀመሪያ ኢንሱሊኑን ከፍሪጁ ያውጡ። ብልቃጡን አይተው በረዶ ከነበረ ለይተው ያስቀምጡት፤ አይወጉት።
2. ቁልፉን ወደ መካከለኛው ይመልሱና 24 ሰዓት ይጠብቁ። ፍሪጅ በአንድ ሰዓት ውስጥ አይስተካከልም።
3. የፍሪጅ ቴርሞሜትር ካለዎት በውኃ ብርጭቆ ውስጥ አድርገው መሃል መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡትና ጠዋት፣ በሩ ብዙ ሳይከፈት ያንብቡት። ከሌለዎት ትንሽ ሃይላንድ ውስጥ ጥቂት ውኃ አድርገው ኢንሱሊኑ ይቀመጥበት በነበረው ቦታ ያስቀምጡ። ሦስት ቀን ተከታትለው ጠዋት እንደተነሡ ይዩት። አንድ ቀን እንኳ በረዶ ከያዘ ያ ቦታ ለኢንሱሊን አይሆንም።
4. ቁልፉ ዝቅተኛው ላይ ሆኖም የሚያበርድ ከሆነ ቴርሞስታቱ ይታይ፤ ባለሙያ ይጥሩ። እስከዚያው ኢንሱሊኑን ጥላ ባለበት ቀዝቃዛ ክፍል ማስቀመጡ እዚያ ፍሪጅ ውስጥ ከማስቀመጥ ይሻላል።

ትክክለኛው ቦታ፦ መሃል መደርደሪያ፣ ወደ ፊት፣ ከነካርቶኑ በትንሽ ክዳን ባለው ሣጥን ውስጥ። ሣጥኑ ግድግዳውን እንዳይነካ ይጠብቀዋል፤ ልጆችም ቶሎ አይደርሱበትም። መደርደሪያው አስተማማኝ ካልሆነ የበሩ ኪስ ይሻላል፤ በሩ ሲከፈት ሲዘጋ ሙቀቱ ቢለዋወጥም በረዶ አይሆንም።

ችግር 2፦ ፍሪጁ ይሠራል፣ ግን አያቀዘቅዝም

ባለሙያ ከመጥራትዎ በፊት እነዚህን አንድ በአንድ ይመልከቱ።

የበሩ ጎማ፦ አንድ ወረቀት ጎማው ላይ አድርገው በሩን ይዝጉና ወረቀቱን ይሳቡት። ያለ ምንም ጉልበት ከወጣ ጎማው አልገጠመም። በለብታ ውኃና በሳሙና ያጥቡት፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ የተጋገረ ቆሻሻ ነው። ከተቀደደ ግን ይቀየር።

የፍሪጁ ቦታ፦ ፍሪጅ የውስጡን ሙቀት በጀርባው በኩል ወደ ውጭ የሚያወጣ ዕቃ ነው። ከግድግዳ ጋር ከተጣበቀ፣ ከምድጃ ጎን ከቆመ ወይም የከሰዓት ፀሐይ ከሚመታው ከሙቀቱ ጋር ሲታገል ይውላል። ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል ያርቁት። ጀርባው ላይ ያለውን አቧራ፣ ስፒናውን ነቅለው፣ በለስላሳ ብሩሽ ያጽዱ።

ትኩስ ምግብ፦ ከእሳት የወረደ ድስት በቀጥታ ሲገባ የፍሪጁን ሙቀት ለሰዓታት ከፍ ያደርገዋል። ወጡን በትናንሽ ዕቃ ከፋፍለው እንፋሎቱ ሲበርድ ያስገቡት። ከ2 ሰዓት በላይ ግን ውጭ አያቆዩት።

የኤሌክትሪክ ኃይል ማነስ፦ ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ሰፈሩ ሁሉ እራት ሲሠራና የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲጣድ አምፖሉ ይደክማል። ያን ጊዜ የፍሪጁ ሞተር ለመነሣት ይሞክርና «እምም» ብሎ ይቆማል። የቤታችን ኤሌክትሪክ መሆን ያለበት 220 ቮልት ነው፤ በጣም ሲወርድ ሞተሩ ሊቃጠል ይችላል። ፍሪጁን ከምጣዱ ጋር በአንድ ዲቫይደር አይሰኩ፤ ለብቻው ከግድግዳ ሶኬት ይስጡት። አቅምዎ ከፈቀደ ስታብላይዘር ይግዙለት። ካልሆነም አምፖሉ ሲደክም ስፒናውን መንቀል ይቻላል።

የጋራ ፍሪጅ፦ ተከራይተው በአከራይ ወይም በጎረቤት ፍሪጅ የሚጠቀሙ ብዙ ናቸው። በሩ በየደቂቃው ሲከፈት ቅዝቃዜው ይወጣል፤ ሌላ ሰው ቁልፉን ሲያዞረውም እርስዎ አያውቁም። ሳያፍሩ ይንገሯቸው። ሣጥኑ ላይ «መድኃኒት ነው፤ ወደ ፍሪዘር እንዳይገባ፣ ከግድግዳ እንዳይነካ» ብለው በጉልህ ይጻፉበት። እንደ ቤቱ ሰው ቋንቋ በአማርኛም በሶማሊኛም በኦሮምኛም ቢጻፍ ጥሩ ነው።

ይህን ሁሉ አይተው ፍሪጁ አሁንም ካላቀዘቀዘ፣ ሞተሩ እየሠራ ከሆነ ጋዙ ሳያልቅ አይቀርም። ይህ የባለሙያ ሥራ ነው። ጋዝ ከማስሞላትዎ በፊት የፈሰሰበት ቦታ እንዲፈለግ ይጠይቁ፤ ያለዚያ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደገና ያልቃል።

ችግር 3፦ መብራት ሄደ

የፍሪጅ በር ካልተከፈተ የውስጡ ቅዝቃዜ ለ4 ሰዓት ያህል ይቆያል። ሙሉ ፍሪዘር ለ48 ሰዓት፣ ግማሽ የሆነ ለ24 ሰዓት ገደማ ይይዛል። ስለዚህ የመጀመሪያው መፍትሔ በሩን አለመክፈት ነው።

• መብራት እንደሄደ የፍሪጁን ስፒና ይንቀሉ። ኃይሉ ሲመለስ ከፍና ዝቅ እያለ ስለሚመጣ ሞተሩን ይጎዳል።
• መብራት ሲመጣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ጠብቀው፣ ሳይዋዥቅ መቆየቱን አይተው ይሰኩ።
• ቁልፉን ወደ ከፍተኛው አያዙሩ። ፍሪጁ በነበረበት ቁጥር ራሱ ይመለሳል። የጽሑፌ እናት ኢንሱሊን የበረደው በዚህ ምክንያት ነው።
• ኢንሱሊኑን ፍሪዘር ውስጥ ወይም በቀጥታ በረዶ ላይ አያስቀምጡ።
• መብራት ለአንድ ቀንና ከዚያ በላይ ከጠፋ፣ ወይም ፍሪጁ ጥገና ከገባ፣ ያልተከፈተውን ካርቶን ላይ ቀኑን ይጻፉ፤ ለምሳሌ «ከኅዳር 3 ጀምሮ ውጭ ነው»። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደተከፈተ ቆጥረው በ4 ሳምንት ውስጥ ይጠቀሙበት። ብዙ ብልቃጥ ካለዎትና በዚያ ጊዜ የማያልቅ ከሆነ ፍሪጅ ያለው ዘመድ ጋር ይላኩት ወይም ፋርማሲስትዎን ያማክሩ።

ለበዓል ወደ አገር ቤት ወጥተው ሲመለሱ መብራት ጠፍቶ እንደነበር ማወቅ ይፈልጋሉ? በኩባያ ውኃ ፍሪዘር ውስጥ አብርደው በረዶው ላይ የ1 ብር ሳንቲም ያስቀምጡ። ሲመለሱ ሳንቲሙ ከላይ ካለ በረዶው አልቀለጠም። ከሥር ከሰመጠ ግን ፍሪዘሩ ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ ነበር፤ ሥጋው አሁን ደረቅ በረዶ ቢመስልም አይበላም።

ችግር 4፦ በረዶ ተቆልሏል፣ ውኃ ይፈሳል፣ ይነዝራል

ፍሪዘሩ ላይ በረዶ አንድ ጣት ያህል ሲወፍር ፍሪጁ መሥራት ይከብደዋል። ስፒናውን ነቅለው፣ በሩን ከፍተው፣ በራሱ እንዲቀልጥ ይተዉት። ሥሩ ጨርቅ ያድርጉ። በቢላ ወይም በማንኪያ አይፈልፍሉ፤ የጋዙን መስመር መብሳት ቀላል ነው፤ አንዳንድ አዳዲስ ፍሪጆች የሚጠቀሙበት ጋዝ ደግሞ ተቀጣጣይ ነው። በዚያ ጊዜ ኢንሱሊኑ ውጭ ቢቆይ ምንም አይሆንም፤ ሲመልሱት ግን አዲስ የተነሣው ፍሪጅ እንዳያበርደው ቦታውን ይጠንቀቁ።

የፍሪጁ ወለል ላይ ውኃ ከተጠራቀመ ብዙ ጊዜ ከኋላ በታች ያለችው ትንሽ የውኃ መውረጃ ቀዳዳ ተደፍናለች። በለብታ ውኃና በቀጭን ለስላሳ ፕላስቲክ ያጽዷት።

ፍሪጁን ሲነኩ ከነዘረዎት ግን ምንም ነገር አይሞክሩ። የቤቱን ኤሌክትሪክ ከቆጣሪው ያጥፉ፤ ከዚያ ስፒናውን ይንቀሉ፤ ባለሙያ ሳያየው አይሰኩት። በተለይ በባዶ እግር፣ እርጥብ ወለል ላይ ቆመው አይንኩት።

ኢንሱሊኑ መበላሸቱን በዓይን ማወቅ ይቻላል?

አንዳንድ ጊዜ ይቻላል። ጥርት ያለ መሆን ያለበት ኢንሱሊን (ሬጉላር፣ እንዲሁም ግላርጂን) ከደፈረሰ፣ ቀለም ከያዘ ወይም ቅንጣት ከታየበት አይጠቀሙት። ነጭ የሆነውን ኢንሱሊን ደግሞ በሁለት መዳፍዎ መካከል ቀስ አድርገው ያንከባልሉት፤ አይናጡት። ወጥ ነጭ ከሆነ ጥሩ ነው። ጓል ከታየበት፣ ከሥር ተጣብቆ ከቀረ ወይም የብልቃጡ ግድግዳ ላይ አመዳይ የመሰለ ነገር ከለጠፈ ተበላሽቷል።

ነገር ግን ልብ ይበሉ፦ ኃይሉን ያጣ ኢንሱሊን ሁልጊዜ መልኩን አይቀይርም። እኚያ እናት «ምንም አይልም፣ ደህና ነው» ብለው ነበር። ስለዚህ ከዓይንዎ ይልቅ የስኳር መለኪያዎን ይመኑ። ምግብዎ፣ መጠኑና ጤናዎ ሳይለወጥ ስኳርዎ ለ2 ወይም ለ3 ቀን ያለ ምክንያት ከፍ ካለ ስለ ብልቃጡ ይጠርጥሩ።

መድኃኒት መጣል ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ዋጋውም ማግኘቱም ቀላል አይደለም። ነገር ግን መብረዱን እርግጠኛ ከሆኑ አይወጉት። እርግጠኛ ካልሆኑ ብልቃጡን ይዘው ወደ ፋርማሲስት ወይም ወደ ሐኪም ይሂዱ።

አዲስ ብልቃጥ ሲከፍቱ፦ ከሁሉም በላይ አደገኛው ጊዜ

ይህን ክፍል ቤተሰብም ያንብበው። በተበላሸ ኢንሱሊን ምክንያት መጠንዎ ከተጨመረ፣ ጥሩውን ብልቃጥ በከፈቱበት ቀን ያ የተጨመረው መጠን ለሰውነትዎ ብዙ ይሆናል። ስኳር በድንገት ይወርዳል።

• አሮጌው ተበላሽቷል ብለው ከጠረጠሩ አዲሱን ከመጀመርዎ በፊት ወደ ሐኪምዎ ይደውሉ ወይም ይሂዱ። «ፍሪጁ አብርዶት ነበር፤ መጠኑም የተጨመረው ያኔ ነው» ብለው በግልጽ ይንገሩ። መጠኑን ራስዎ አይቀንሱ፣ አይጨምሩ።
• በአዲሱ ብልቃጥ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ስኳርዎን ቶሎ ቶሎ ይለኩ፤ ከመኝታ በፊት ሳይለኩ አይተኙ።
• ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ረኃብ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ግራ መጋባት የስኳር መውረድ ምልክቶች ናቸው። ከ70 በታች ከሆነ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ይጠጡ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ፤ ካልወጣ ይድገሙት። ሲሻልዎ ምግብ ይብሉ።
• ሰውየው ራሱን ከሳተ ምንም ነገር በአፉ አያድርጉ፤ በጎኑ አስተኝተው በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። አዲስ አበባ ውስጥ ለአምቡላንስ 907 ወይም 939 ይደውሉ።

ፍሪጁ ሲበላሽ ምግቡስ?

ለስኳር ሕመምተኛ የምግብ መመረዝ ተራ የሆድ ሕመም ብቻ አይደለም። ትውከትና ተቅማጥ ሲመጣ ምግብ ይቀንሳል፣ ውኃ ይወጣል፣ ስኳሩ ግን ወዲያም ወዲህም ይዘላል። ስለዚህ ፍሪጁ ከ4 ሰዓት በላይ ከጠፋ ሥጋ፣ ወተት፣ ዶሮ ወጥና የተሠራ ምግብ ይጣል። «አፍልቼ እበላዋለሁ» አይበሉ፤ ማፍላት ብዙ ተሕዋስያንን ቢገድልም አንዳንዶቹ ቀድመው የተዉትን መርዝ አያጠፋም። የጾም ምግብም ከዚህ ውጭ አይደለም፤ የተሠራ ሽሮና ምስር ወጥም ይበላሻል። በርበሬ፣ ማር፣ ያልተላጠ ሽንኩርትና ድንች ግን ችግር የለባቸውም።

ከሰፈራችን ልማድ አንዱን ላንሣ። ቦሌ ሚካኤል የግመል ወተት እንደልብ ይገኛል፤ «ለስኳር መድኃኒት ነው» ተብሎም ይጠጣል። ፍሪጅ ውስጥ መቀመጡ ብሩሴላ የተባለውን ተሕዋስ አይገድለውም፤ የሚገድለው ማፍላት ነው። አፍልተው ይጠጡ፤ በኢንሱሊን ምትክ ግን አይደለም።

ማስመለስና ማስቀመጥ ከጀመረዎት ኢንሱሊንዎን በራስዎ ፈቃድ አያቁሙ። ስኳርዎን ይለኩ፣ ውኃ ቶሎ ቶሎ ይጠጡ፣ ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ፍሪጅ ከሌለዎት፣ ወይም ጉዞ ከወጡ

ፍሪጅ ስለሌለዎት ኢንሱሊን መውሰድ አይቀርም። በአንድ ጊዜ ብዙ ከመግዛት ይልቅ በየወሩ የሚያልቀውን ያህል ይግዙ። ጥላ ባለበት፣ ከምድጃ በራቀ ቦታ ያስቀምጡት። የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ክፍል በየካቲትና በመጋቢት ቀትር ላይ ስለሚግል ከጣሪያ ሥር ካለ መደርደሪያ ይልቅ ወለሉ አጠገብ ይሻላል።

የእንስራ ውኃ ለምን እንደሚቀዘቅዝ እናቶቻችን ያውቃሉ፤ ሸክላው ውኃውን ወደ ውጭ እያላበ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። በዚሁ ዘዴ አንዱን የሸክላ ማሰሮ በትልቁ ውስጥ አድርገው፣ በመካከላቸው አሸዋ ሞልተው አሸዋውን ቢያርሱት ለኢንሱሊን ጥሩ ማስቀመጫ ይሆናል። ኢንሱሊኑን በላስቲክ ጠቅልለው ውስጠኛው ማሰሮ ውስጥ ያስቀምጡት። እንደ ድሬዳዋ፣ ሰመራና ጎዴ ወዳለ ሞቃት አገር ለሚሄድ ሰው ይህ በጣም ይጠቅማል።

በአውቶቡስ ሲሄዱ ኢንሱሊኑን በእጅ ቦርሳ ይያዙ፤ ከመስታወት ሥር ወይም ጣሪያ ላይ ካለ ሻንጣ አያድርጉ። በአውሮፕላን ደግሞ ከእጅዎ አይለዩት፤ የሻንጣ ክፍሉ ሊያበርደው ይችላል። ዘመድ ከውጭ ሲያመጣልዎም ይህንኑ አስቀድመው ይንገሩት። በበረዶ ከረጢት ከያዙት በረዶው ብልቃጡን እንዳይነካ በፎጣ ይለዩ።

ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም የሚያስኬዱ ምልክቶች

• ስኳር ከ300 በላይ ሆኖ አልወርድ ሲል፣ በተለይ ከትውከት ወይም ከሆድ ሕመም ጋር
• ፈጣንና ጥልቅ ትንፋሽ፣ የፍራፍሬ የሚመስል የአፍ ሽታ
• ከፍተኛ ጥማት፣ ሽንት ማብዛትና ድካም ተደርቦ ሲመጣ
• መደናገር፣ ከእንቅልፍ አለመንቃት ወይም ራስን መሳት

ሲሄዱ ኢንሱሊኑን፣ መርፌውንና የስኳር መለኪያዎን ይዘው ይሂዱ።

ዛሬ ማታ የሚያደርጓቸው አራት ነገሮች

1. ኢንሱሊንዎ የት እንዳለ ይዩ፤ ከጀርባ ግድግዳው አርቀው ወደ ፊት ያምጡት።
2. የፍሪጁ ቁልፍ ስንት ላይ እንደሆነ ይመልከቱ፤ መጨረሻው ላይ ከሆነ ወደ መካከል ይመልሱ።
3. የተከፈተው ብልቃጥ ላይ የተከፈተበትን ቀን ይጻፉ።
4. ትንሿን የውኃ ሃይላንድ ከጎኑ አስቀምጠው ነገ ጠዋት ይዩዋት።

እኚያ እናት ዛሬ ደህና ናቸው። መጠናቸው ወደ ቀድሞው ተመልሷል። ለክትትል ሲመጡ ገና ሳልጠይቃቸው «ፍሪጁ ደህና ነው፣ ልጄ» ይሉኛል። እርስዎም በሚቀጥለው ቀጠሮዎ ስለ ፍሪጅዎ ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ሐኪምዎ ባይጠይቅዎትም።

ይህ ጽሑፍ ለአጠቃላይ ግንዛቤ የቀረበ ነው። የእርስዎን ሁኔታ የሚያውቀውን ሐኪም ምክር አይተካም።